አባቴ የተረጎመው ፊልም

ባለፈው ክረምት ለለቅሶ ኮልፌ ሄጄ ነበር። ድንኳን ውስጥ እንደተቀመጥን መብራት ጠፋ፤ ወዲያው ከድንኳኑ ጀርባ አንድ ጎረምሳ ጄኔሬተር አስነሳ። የናፍጣው ጭስ ዝናብ ከመታው የባሕር ዛፍ ሽታ ጋር ተደባልቆ በሸራው ሥር ገባ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። እኔ ግን ሽታውን ወደ ውስጥ ሳብኩት። አራተኛ ክፍል የነበርኩበት ዓመት፣ የዓቢይ ጾም ወራት፣ የትምህርት ቤታችን አዳራሽ፣ ጨለማው ውስጥ የሚሰማው የአባቴ ድምፅ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጡብኝ።

አባቴ ወልዴ ይባል ነበር። በሰፈራችን ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ያስተምር ስለነበር ሰዉ ሁሉ መምህር ነው የሚለው። ረጅምና ቀጭን ነበር፤ ሲናገር ቃሉን አንድ በአንድ የሚያወጣ፣ ጥያቄ ሲጠየቅም ከመመለሱ በፊት ትንሽ የሚቆይ ሰው። እናቴ አስካለ በቤታችን የፊት ክፍል ሱቅ ነበራት። ክር፣ ላምባ፣ ስኳር፣ ሳሙና ትሸጣለች። እሷ ደግሞ ፈጣን ናት፤ አባቴ አንዱን ነገር አስቦ እስኪጨርስ እሷ ሦስት ደንበኛ ትሸኛለች።

ያን ጊዜ ከጦር ኃይሎች ወደ እኛ ሰፈር የሚያመጣው መንገድ ኮረኮንች ነበር። ከቤታችን ፊት ለፊት የሐጂ ሰማን የአጠና መሸጫ አለ፤ የባሕር ዛፍ ምሰሶዎች እንደ ጎጆ ጣራ ተደጋግፈው ይቆማሉ፣ ከሥራቸው ሁልጊዜ እርጥብ የቅርፊት ሽታ ይወጣል። ሐጂ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ቀድመው የመጡ ስለሆኑ የማን አጥር የት እንደነበረ፣ ማን ከማን እንደገዛ ሲጠየቅ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ከእሳቸው ግቢ ቁልቁል ሲወረድ ወንዙ ዳር ሸማኔዎች ይኖራሉ። ከደቡብ የመጡ ሰዎች ናቸው። ጠዋት ትምህርት ቤት ስሄድ መወርወሪያቸው ወዲያና ወዲህ ሲል ይሰማኛል፤ እኔ ግን ቤቶቹ ራሳቸው የሚተነፍሱ ይመስለኝ ነበር።

የወረዳችን ገዥ ግራዝማች በላቸው ነበሩ። ያን ዓመት ያንን የወንዝ ዳር መሬት ከአባታቸው የወረሱት ርስት ነው ብለው ተነሡ። ሸማኔዎቹ ያለፈቃድ የሰፈሩ ናቸው ተባለ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ስለነበር ግራዝማች ምስክር ያስፈልጋቸው ነበር፤ መሬቱን የግራዝማች አባት ሲያርሱት አይተናል የሚሉ ሽማግሌዎች። ከሽማግሌዎቹም በላይ የሐጂ ቃል ነበር የሚፈለገው። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ሱቅ ውስጥ ነው። እናቴ ጋ ላምባ ሊቀዱ የሚመጡት ሰዎች ልጅ መስማት የሚችል አይመስላቸውም ነበር።

ፊልሙን ያመጣው የአንድ የውጭ አገር የባህል ቤት መኪና ነው። መኪናው በየትምህርት ቤቱ እየዞረ ያሳይ ነበር። ከዚያ በፊት ስለ ወባና ስለ ዶሮ እርባታ አጫጭር ፊልሞች አይተናል፤ ይሄኛው ግን ረጅም ነው፣ ታሪክ ያለው ነው፣ ወላጆችም መጥተው ያያሉ ተባለ። አዳራሹ ሁሉንም ሰው ስለማይዝ በሁለት ቅዳሜ እንዲታይ ተወሰነ። ንግግሩ እንግሊዝኛ በመሆኑ አባቴ በድምፅ ማጉያ እየተረጎመ እንዲያሰማ ታዘዘ።

ቀን ስለሆነ አዳራሹ መጨለም ነበረበት። እያንዳንዳችን ከቤት ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ይዘን መጣን፤ መስኮቶቹ በሙሉ በሰፈሩ መኝታ ተሸፈኑ። የእኛ ቤት ቀይ ብርድ ልብስ ከመድረኩ አጠገብ ተሰቅሎ ሳይ ኮራሁ። ከየጨርቁ የየቤቱ ሽታ ይወጣል፤ የቅቤ፣ የኩራዝ ጭስ፣ የሕፃን ሽንት። ውጭ የበልግ ዝናብ ያካፋል፤ ባሕር ዛፎቹ ሥር የተተከለው ጄኔሬተር ይንጓጓል፤ ጭሱም በበሩ ሥር እየተሳበ ይገባል።

ችግር የሆነው የጃንሆይ ፎቶግራፍ ነበር። የተሰቀለው በመድረኩ ግድግዳ መሀል፣ ፊልሙ የሚታይበት ነጭ አቡጀዲ መወጠር ባለበት ቦታ ላይ ነው። ዳይሬክተራችን አቶ ደምሴ፣ የአባቴ የልብ ጓደኛ፣ ፎቶውን ለማንሳት አልደፈሩም። በአቡጀዲ ለመሸፈንም አልደፈሩም። መድረኩ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ቆዩና በመጨረሻ አቡጀዲው ዝቅ ተደርጎ እንዲወጠር አዘዙ። ጃንሆይ ከላይ ሆነው እኛን ቁልቁል ያዩናል። እኔም ጃንሆይ ፊልሙን ሊያዩ የመጡ መሰለኝ፤ ከእግራቸው ሥር ያለውን ነገር እንዴት አድርገው እንደሚያዩት ግን ጨነቀኝ።

የፊልሙ ስም ምን እንደነበር አላውቅም። ታሪኩን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። በሩቅ አገር፣ በድሮ ዘመን፣ አንድ ንጉሥ ታናሽ ወንድም አለው። ሕዝቡ ወንድምየውን ይወዳል። ንጉሡ ቀና፤ ቆይቶም ፈራ። ሊገለኝ አሲሯል ብሎ ወንድሙን አሳሰረና ዳኞች ሞት እንዲፈርዱበት አዘዘ። የቀረቡት ምስክሮች ሐሰተኞች ናቸው፤ ዳኞቹም ያውቃሉ። ግን እየተነሡ ፈረዱ። አንድ ሽማግሌ ዳኛ ብቻ ሳይፈርድ ቀረ።

ንጉሡ ያን ዳኛ አላስጠራውም። ራሱ ቤቱ ሄደ። በዝናብ፣ ያለ አጃቢ፣ በሩን አንኳኩቶ ገባና ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ የዳኛውን ዳቦ እየቆረሰ በላ። አልጮኸም፤ አልዛተም። እኔ ከሁሉ በላይ የፈራሁት እዚያ ላይ ነው።

አባቴ ድምፁን አልለዋወጠም። ንጉሡ ሲናገር አላጎረነነም፣ ሴቶቹ ሲናገሩ አላቀጠነም፤ ሁሉንም በራሱ ድምፅ ተናገረው። ስለዚህ ለእኔ ንጉሡም አባቴ ነበር፣ ዳኛውም አባቴ ነበር። አባቴ ከአባቴ ጋር እየተከራከረ መሰለኝና የትኛው እንዲያሸንፍ መፈለግ እንዳለብኝ ግራ ገባኝ።

«ሌሎቹ ሁሉ ፈርደዋል» አለ ንጉሡ። «የአንተ አንድ ቃል ምን ታመጣለች?»

«ምንም የማታመጣ ከሆነ» አለ ዳኛው፣ «ንጉሥ ሆይ፣ ለምን በዝናብ መጡ?»

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ሳቀና ወዲያው ዝም አለ። ንጉሡም ፈገግ አለ። ከዚያ ዳኛው፣ «ያላየሁትን አየሁ ካልኩ፣ ከነገ ወዲያ ያየሁትን ብናገርም የሚያምነኝ የለም» አለ።

በመጨረሻ ዳኛውን ሐይቅ ዳር አመጡት። የዳኝነት ካባውን ሲያወልቁለት አጣጥፎ ለሴት ልጁ ሰጣት። በትንሽ ጀልባ አሳፈሩት፤ ጀልባዋ ጭጋግ ውስጥ ገባች፣ ብዙም ቆየች። ስትመለስ ቀዛፊዎቹ ብቻ ነበሩ። በፊልሙ ውስጥ ማንም ምንም አላለም፤ አባቴም ዝም አለ። ከጨለማው ውስጥ ሴቶች ሲያለቅሱ ሰማሁ።

እኔ ምን እንደሚያስለቅሳቸው አልገባኝም። ዳኛውን ማዶ አድርሰውት የተመለሱ ነበር የመሰለኝ። ወደ ቤት ስንሄድ እናቴን፣ «ተሻገረ አይደል?» አልኳት።

«አዎ፣ ተሻገረ» አለችኝ፤ ዓይኗን እየጠረገች።

በዚያ ሳምንት ሰፈሩ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ልጆች በእረፍት ሰዓት ንጉሥና ዳኛ ይጫወታሉ። ሥጋ ቤቱ በጾም ምክንያት ተዘግቶ ስለነበር ሥራ ፈቶ በሩ ላይ የሚቀመጠው ሰውዬ ላላየው ሁሉ ታሪኩን ያወራል፤ ባወራው ቁጥር ንጉሡ እየወፈረ ይሄዳል። «ያላየሁትን አየሁ ካልኩ» የምትለዋ ንግግር ከአፍ ወደ አፍ ዞረች። ከዚያ አንድ ቀን ሐጂ ሰማን ለግራዝማች መልክተኛ፣ «የግራዝማች አባት እዚያ ሲያርሱ አላየሁም። ያላየሁትን አየሁ አልልም» ብለው መለሱ ተባለ። የቀሩት ሽማግሌዎችም ማመንታት ጀመሩ።

በማግስቱ ግራዝማች በላቸው ሱቃችን መጡ። እናቴ ገበያ ወጥታ ነበር። አባቴ ገና ከትምህርት ቤት መመለሱ ነው፤ እኔ ስኳር በወረቀት እጠቀልላለሁ። ግራዝማች ከዘራቸውን ባንኮኒው ላይ አጋደሙትና ዙሪያውን አዩ።

«መምህር፣ ያ ፊልም ጥሩ ነው አሉ።»

«ጥሩ ነው፣ ግራዝማች።»

«ልጆቻችን ታሪክ ቢማሩ ደስ ይለናል። ግን ትርጉሙ ላይ ስሕተት ሳይኖር አይቀርም።»

«የቱ ጋ?» አለ አባቴ።

«ዳኛው ላይ። ሰዉ ዳኛው እውነተኛ ነበር እያለ ነው የሚያወራው። ንጉሡን እምቢ ያለ ሰው ከዳተኛ ነው እንጂ ሌላ ምን ስም አለው? የፊታችን ቅዳሜ እኔም እመጣለሁ፤ ሽማግሌዎቹንም ይዤ እመጣለሁ። ያን ጊዜ አስተካክለህ ንገራቸው። ሰውየው ከጠላት ጋር የዶለተ ነበር፣ ንጉሡም የፈረደበት በሐቅ ነው በል።»

አባቴ እንደ ልማዱ ትንሽ ቆየ። «ፊልሙ እንደዚያ አይልም፣ ግራዝማች።»

«ምን እንደሚል እዚህ ሰፈር ከአንተ በቀር የሚሰማ ማን አለ? ደምሴም ቢሆን የእኔ ሰው ነው። ማን ያውቅብሃል?»

«እኔ አውቃለሁ።»

ግራዝማች ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። «ቆላው አገር መምህር አጥተው ይጮሃሉ አሉ» አሉ ከዘራቸውን እያነሱ። «ሙቀቱ ነው እንጂ ሌላው ደህና ነው።» ከመደርደሪያችን ላይ ካለው ጠርሙስ ከረሜላ አወጡና ሰጡኝ። «የአባትሽን ነገር አደራ» ብለውኝ ወጡ። ከረሜላው የራሳችን እንደነበር ትዝ ያለኝ መኪናቸው አቧራ አስነስቶ ከሄደ በኋላ ነው።

እናቴ ወሬውን ስትሰማ ራት ላይ ሽሮዋን ሳትነካ ቀረች።

«ፊልም ነው እኮ» አለችው። «ዳኛው የለም። ንጉሡ የለም። የሌለ ሰው ስም ጠፋ አልጠፋ ማን ይጎዳል?»

«ሸማኔዎቹ ግን አሉ» አለ አባቴ። «ሽማግሌዎቹን የሚያመጣቸው ለምን ይመስልሻል?»

«አንድ ቃል ነው። ከዳተኛ ነበር በልና እንረፍ።»

«ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም፣ አስካለ።»

እናቴ እጇን ታጠበች። «እንግዲያው ከእኔና ከልጅህ ሕሊናህን መርጠሃል» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ስታለቅስ ሰማኋት።

እኔ ሕሊና የሚለውን ስም ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። አንዲት ሴት መሰለችኝ። አባቴ ያለሷ ፈቃድ ምንም የማያደርግ፣ እናቴን የምታስለቅስ ሴት። ጦር ኃይሎች አካባቢ የምትኖር፣ ጥርሷ ላይ ወርቅ ያላት አድርጌ ሣልኳት። በማግስቱ አባቴ ከትምህርት ቤት ትንሽ ሲዘገይ እሷ ጋ የሄደ መሰለኝ፤ ሲመጣ ኮቱን አሸተትኩት። የጠመኔ ሽታ ብቻ ነበር።

ነገሩ ሲከብደኝ ሐጂ ሰማን ጋ ሄድኩ። አጠና እየለዩ ነበር።

«ሐጂ፣ ሕሊና የምትባል ሴት ያውቃሉ?»

«የት ነው የምትኖረው?»

«እንጃ። አባቴ እሷ ካልፈቀደችለት አላደርግም ይላል። እናቴ ታለቅሳለች።»

ሐጂ አልሳቁም። አንድ ምሰሶ ከተደገፈበት ስበው አወጡ። «ይሄን እዪልኝ እስቲ። ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

በመጥረቢያቸው ጀርባ ሲመቱት እንደ ባዶ ጣሳ ጮኸ። «ውስጡን ምስጥ በልቶታል። ግራዝማች ለቤታቸው አጠና የሚያስጭኑት ከእኔ ነው። ይሄን ደባልቄ ብጭንላቸው አያውቁም። ቤታቸው ከዓመት በኋላ ቢዘምም ዝናብ ነው ይላሉ። እኔ ግን በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ይሄ እንጨት እዚያ ግድግዳ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። ሕሊና ያ ነው ልጄ፤ ሴት አይደለችም።»

«ታዲያ እናቴ ለምን ታለቅሳለች?»

ሐጂ ምሰሶውን ለማገዶ ከተለዩት ጋር ጣሉት። «ሴት ብትሆን ኖሮ እኛ ሽማግሌዎቹ መጥተን እናስታርቃቸው ነበር» አሉ። «ይሄ ግን ሽማግሌ አይገባበትም።»

ሁለተኛው ቅዳሜ ደረሰ። ብርድ ልብሶቹ ተሰቀሉ፤ ጄኔሬተሩ ተነሣ። ለግራዝማች ከቤታቸው ባለመደገፊያ ወንበር መጥቶ ፊት ለፊት ተቀመጠላቸው። ሽማግሌዎቹ ከኋላቸው ባለው አግዳሚ ላይ ተደረደሩ፤ ሐጂ ሰማንም ነበሩ። ሸማኔዎቹ ከነሚስቶቻቸው መጥተው ወንበር ስላልደረሳቸው ከኋላ በኩል ቆሙ። ብዙዎቹ ባለፈው ቅዳሜም ነበሩ። እናቴ ከእኔ ጋር ግድግዳው ጥግ ተቀመጠች። ጠዋት አባቴ ቤት ውስጥ ከረባቱን ሲያስር እናቴ አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ወልዴ» ብላ ጠርታው ነበር። ዞር ሲል ኮሌታውን አስተካከለችለት።

አባቴ ድምፅ ማጉያውን ያዘ፤ ፊልሙ ጀመረ። ወንድምየው ታሰረ። ምስክሮቹ መሰከሩ። አባቴ ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን እየተረጎመ ሄደ። ንጉሡ በዝናብ መጣ፤ ምድጃው አጠገብ ተቀመጠ። «ንጉሥ ሆይ፣ ለምን በዝናብ መጡ?» ሲል በዚህኛው ቀን ማንም አልሳቀም። ዳኛው ያችን የታወቀች ንግግሩን ሊናገር አፉን ሲከፍት ግራዝማች በከዘራቸው መሬቱን አንኳኩ።

«መምህር። እንደተነጋገርነው።»

አባቴ አቆመ። መሣሪያው ውስጥ ፊልሙ ሲዞር ብቻ ይሰማል። ከጨረሩ ውስጥ አቧራ ይጨፍራል፤ የአባቴ ግማሽ ፊት ይታየኛል።

«ግራዝማች» አለ፤ ድምፅ ማጉያውን ከአፉ ሳያነሳ፣ «እኔ የማወራው ሰውየው ያለውን ነው። ያላለውን አለ ብዬ መናገር አልችልም።»

«እንግዲያው ዝም በል።»

«እሺ» አለ አባቴ። ድምፅ ማጉያውን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠና የመድረኩ ጠርዝ ላይ ሄዶ ተቀመጠ።

እናቴ እጄን ጨምቃ ያዘችኝ፤ ቀለበቷ ጣቴን ወጋኝ።

«ደምሴ፣ አንተ ቀጥል» አሉ ግራዝማች። አቶ ደምሴ ተነሡ። ድምፅ ማጉያውን ሲያነሡ አዳራሹ ውስጥ ጩኸት አስተጋባ። «ዳኛው…» አሉ። «ዳኛው…» ብለው ወደ አባቴ አዩ። አባቴ አቡጀዲውን ነበር የሚያየው። «እንግሊዝኛው ፈጠነብኝ፣ ግራዝማች» አሉና መልሰው አስቀመጡት።

ከዚያ ፊልሙ በፈረንጅ አፍ ብቻ ይሄድ ጀመር። ማንም የተነሣ የለም። ጥቂት ቆይቶ ከኋላ በኩል አንድ የሴት ድምፅ ሰማሁ። እማማ አየለች ነበሩ፤ የሸማኔ ሚስት፣ ጥጥ ሲፈትሉ የሚውሉ አሮጊት። ለልጅ ልጃቸው እንደሚያወሩ ሁሉ ረጋ ብለው፣ «አሁን ንጉሡ ይነሣል፤ ዳቦውን ሳይጨርስ ነው የሚሄደው» አሉ።

ንጉሡ ዳቦውን አስቀምጦ ተነሣ።

«ነገ መጥተው ይይዙታል» አለ ሌላ የወንድ ድምፅ። «ሴት ልጁ ስንቅ ታመጣለች» አለች አንዲት ልጅ። ያለፈው ቅዳሜ የነበሩት ላልነበሩት፣ ከዚህም ከዚያም፣ ዝግ ባለ ድምፅ እየተቀባበሉ ተረኩላቸው። አንዳንዱ ተሳስቶ ሲናገር ሌላው ያርመዋል። ግራዝማች አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ዞሩ፤ ከጨለማው ውስጥ ግን ማን እንደተናገረ መለየት አልቻሉም። ከዚያ በኋላ አልዞሩም። ጀልባዋ ጭጋጉ ውስጥ ስትገባ ሁሉም ዝም አለ። ስትመለስ ሐጂ ሰማን ብቻ፣ «ኢና ሊላህ» ሲሉ ሰማሁ። ዳኛው አለመሻገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ ሐጂ ይህን የሚሉት ሰው ሲሞት እንደሆነ አውቅ ነበርና።

መብራት ሲበራ ግራዝማች ተነሥተው ኩታቸውን አስተካከሉ፤ ለጃንሆይ ፎቶግራፍ እጅ ነስተው ማንንም ሳያዩ ወጡ። እኔ ሁሉንም ነገር ጃንሆይ ስላዩት እሳቸው ይፈርዳሉ ብዬ ተስፋ አደረግሁ። አባቴም እናቴም ወደ ፎቶው አልተመለከቱም። የእኛን ቀይ ብርድ ልብስ አውርደን ወደ ቤታችን ሄድን።

ፍርዱ የመጣው ከሌላ በኩል ነው። ጥቂት ቀናት እንዳለፉ አባቴ ከፋሲካ በኋላ ስሟን ሰምተን ወደማናውቃት የቆላ ከተማ እንዲሄድ ታዘዘ። ቤታችንና ሱቁ እዚህ ስለሆነ እኛ እንቀራለን። የመሬቱ ጉዳይ በቀጠሮው ቀን ሲታይ ሁለት ሽማግሌዎች ለግራዝማች መሰከሩ። ሐጂና የቀሩት አልመሰከሩም። የፍርድ ቤቱ ዳኛም ነገሩን ለሌላ ቀጠሮ አሸጋገሩት። ግራዝማች ከወንዙ በላይ ያለውን ቁራጭ መሬት አሳጠሩት፤ እነ እማማ አየለች ያሉበት ግን ሳይነካ ቆየ። ጠዋት ጠዋት ከታጠረው ጎን ሳልፍ ጭር ይላል፤ ትንሽ ወረድ ስል መወርወሪያው ይሰማል።

እናቴ በእነዚያ ቀናት ከአባቴ ጋር የምታወራው ስለ ቤት ጉዳይ ብቻ ነበር። አልተጣሉም፤ ግን ድሮ ለሁለቱም የምትናገረው እሷ ስለነበረች ቤቱ ጸጥ አለ። አባቴም ይህን ጸጥታ እንዴት እንደሚሞላው አያውቅበትም ነበር።

የሕማማት ሳምንት ገባ። አባቴ ለስግደት ቤተ ክርስቲያን በሄደበት ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ አቶ ደምሴ ሱቃችን መጡ። ሕማማት ስለሆነ ከእናቴ ጋር አልተጨባበጡም። ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያዞሩ ቆሙ። እናቴ ለአንዲት ልጅ ስኳር እየመዘነች ነበር።

«ወይዘሮ አስካለ፣ ጥሩ ነገር ይዤ ነው የመጣሁት። ግራዝማች ተለሳልሰዋል። ወልዴ በሽማግሌዎቹ ፊት ቀርቦ ትርጉሙን ተሳስቼ ነበር ካለ ዝውውሩ ይቀራል። ነገ ማለት ነው።»

«እሱ አይልም» አለች እናቴ፤ ዓይኗ ሚዛኑ ላይ ነው።

«አውቃለሁ። ለዚያ ነው እሱ በሌለበት የመጣሁት። እርስዎ መጥተው፣ ባለቤቴ ተሳስቶ ነበር፣ ራሱ ነግሮኛል ቢሉም ይበቃል ብለዋል። ወልዴን ማንም አይጠይቀውም። ዝውውሩ ቀረ ይባላል፣ እሱም ምክንያቱን አያውቅም።»

እናቴ ስኳሩን ጠቅልላ ለልጅቷ ሰጠቻትና ሸኘቻት። ከዚያ ባንኮኒውን በጨርቅ ጠረገች። የጠረገችውን መልሳ ጠረገች። እኔ እሺ እንድትል ጸለይኩ። አባቴ እንዳይሄድ ከልቤ ፈልጌ ነበር፤ እሷም እንደምትፈልግ አውቃለሁ።

«አቶ ደምሴ» አለች በመጨረሻ። «እርስዎ እንግሊዝኛ ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ።»

«ተሳስቶ ነበር?»

አቶ ደምሴ ባርኔጣቸውን ማዞር አቆሙ። ወደ በሩ ተመለከቱ፤ ውጭ ማንም አልነበረም።

«አልተሳሳተም» አሉ።

«እንግዲህ እኔ መጥቼ ምን ልበል?»

ባርኔጣቸውን አደረጉና፣ «ጾሙን ያስፈታችሁ» ብለው ወጡ።

እናቴ ሱቁን በጠራራ ፀሐይ ዘጋችው። ከቁም ሳጥኑ ላይ ሻንጣውን አወረደች፣ አቧራውን አራገፈች። የአባቴን ሸሚዞች አወጣችና አንድ በአንድ ወደ ብርሃን እያነሳች አየቻቸው፤ ወፍራሞቹን መለሰች፣ ስሶቹን አልጋው ላይ ከመረች። ከሰል አቀጣጥላ ካውያውን ሞላችና መተኮስ ጀመረች። እኔ ውኃ በእጄ እየረጨሁ አቀብላታለሁ። አላለቀሰችም።

አባቴ ከስግደት ሲመለስ ግንባሩ ላይ የቤተ ክርስቲያኑ አፈር ነበረበት። ሻንጣውን ሲያይ በሩ ላይ ቆመ።

«ምንድነው ይሄ?»

«ቆላ ነው ብለዋል» አለች እናቴ። «ስስ ሸሚዝ ነው የሚያስፈልግህ።»

«ሰው መጥቶ ነበር?»

«ደምሴ መጥቶ ነበር።»

«ምን አለ?»

እናቴ ካውያውን አስቀመጠች፤ የሸሚዙን እጅጌ አጠፈች።

«አልተሳሳተም አለ።»

አባቴ አያት። ግንባሩን ሳይጠርግ ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ከጎኗ ተቀመጠ፤ ከካልሲዎቹ ክምር አንዱን አነሣና አቻውን ይፈልግለት ጀመር።